ሦስተኛው ስልክ

አይናለም ከፈለ በሃያ ስምንት ዓመት ዕድሜዋ የዋሸችው ውሸት ተሰብስቦ ቢቆጠር እፍኝ አይሞላም። ከነዚያ ሁሉ ግን አንዱ፣ በጠራራ ፀሐይ በገዛ በሯ ደፍ ላይ ቆማ ለአባቷ የተናገረችው፣ ቤቷን ባዶ አደረገባት። ሌባ ገብቶ ላፕቶፗንና የጋዝ ሲሊንደሯን ይዞባት የሄደ ጊዜ እንኳ ቤቱ እንዲህ ባዶ አልሆነባትም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያው ሌባ ነው። አይናለም ጀዊ የስደተኞች ጣቢያ የምዝገባ ሠራተኛ ናት። ጎሕ ሲቀድ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ትሄዳለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመለሳለች። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የተከራየችው የእትዬ ሺታዬ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ቀኑን ሙሉ ሰው አይኖርበትም። ሌባው ይህን ሳያጠና አልቀረም። አንድ ማክሰኞ ስትመለስ ጓጉንቸሯ ተቆርጦ፣ እንደ ዕቃ ደፉ ላይ በሥርዓት ተቀምጦ ጠበቃት።

ወሬው አቦቦ ያለችው የሰፈራ መንደር ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። አባቷ አቶ ከፈለ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በጎረምሳነታቸው ከወሎ መጥተው፣ እዚያው በቆሎና ማሽላ እያረሱ የሸበቱ ሰው ናቸው። ሲቆጡ ቃል ይቆጥባሉ።

«በሩ የሚጠበቅበትን መላ ካላገኘሽ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ» አሉ በስልክ። ሌላ አልጨመሩም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አይናለም ወደ ባሮ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባች። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ረጅም ሰው ኮፍያውን አውልቆ ተነሣላት። የዚሁ ከተማ ልጅ፣ አኝዋ ነው፤ ኦጆት ይባላል።

«ትልቁን ስጠኝ» አለችው፣ እልኳ ገና አልበረደም። «አራት ካሜራ ያለውን።»

«እሸጥልሻለሁ። ግን ለአንቺ አይሆንም» አላት። «ቤቱ ያንቺ ነው?»

«ኪራይ ነው።»

«ይሄ ሽቦ አለው። ግድግዳ ይበሳል። አከራይሽ ትፈቅዳለች?»

እትዬ ሺታዬ ለካላንደር ማንጠልጠያ ሚስማር የመታ ተከራይ ላይ ሦስት ወር አኩርፈው ያውቃሉ። አይናለም ሳቀች፤ ከማክሰኞ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

«እሺ፣ በዋይፋይ የሚሠራውስ?»

«መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሌባ ደግሞ መብራት የጠፋ ጊዜ ደስ ይለዋል።» ከመደርደሪያው ቡጢ የምታህል ነጭ ካሜራ አወረደ። «ይሄ ሲም ካርድ ይጎርሳል። ባትሪ አለው፣ በፀሐይ ይሞላል፤ እዚህ አገር ፀሐይ አይጠፋም። በመስኮትሽ ፍርግርግ ላይ በብሎን ይታሰራል። ግድግዳ አይነካም። በሩ ላይ ደግሞ ይቺን ማግኔት በማጣበቂያ እለጥፋለሁ፤ በሩ ያለ አንቺ ከተከፈተ ትጮኻለች።»

«ትልቁ አይሻልም ግን?»

«አንቺ ተከራይ ነሽ። ስትለቂ ነቅለሽ ይዘሽው የምትሄጂውን ነው መግዛት።»

ትልቁን ሸጦላት ቢሆን ኖሮ የወር ገቢውን በአንድ ቀን ያገኝ ነበር። አይናለም ቀና ብላ በደንብ ያየችው ያን ጊዜ ነው። እሱ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ፤ እሷ ደግሞ የገዛችውን ትታ ልትወጣ ምንም አልቀራትም፤ ደጅ ደርሳ ነው የተመለሰችው።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መሰላል ተሸክሞ መጣ። አቶ ከፈለም ሥራውን በዓይናቸው ለማየት ከአቦቦ መጥተው ነበር። እትዬ ሺታዬ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ከመሰላሉ ሥር ቆሙ።

«ግድግዳዬን ነክተህ እንደሆነ አንተንም እነካሃለሁ» አሉት።

«እማማ፣ ብረቱን ብቻ ነው የምነካው» አላቸው ከላይ።

«እሱስ የማን ብረት ነው?» አሉ፤ ግን ፈገግ ብለዋል።

ገጥሞ ሲጨርስ የአይናለምን ስልክ ከካሜራው ጋር አገናኘው። ቀጥሎም የአቶ ከፈለን፣ አይናለም በፋሲካ የገዛችላቸውን ስልክ። ሙሉ አንድ ሰዓት አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ ጣታቸውን ይዞ ጭምር፣ የት እንደሚነካ አስተማራቸው። «ሰው በር ላይ ሲቆም ስልክዎ ይንጫረራል። ሲከፍቱት ሰውየውን ያያሉ። የሚናገረውንም ይሰማሉ፣ ጋሼ፤ ይሄ ቀዳዳ ጆሮ ነው።»

«እኔ ጀዊ ስሆን ኔትወርክ የለም» አለች አይናለም። «አባዬ ቢያይም ከአቦቦ እስኪመጣ ሌባው ዘርፎ ይጨርሳል። ሱቅህ ለዚህ ቅርብ ነው፤ ያንተንም ስልክ ለምን አታስገባውም?»

ኦጆት መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ አባቷ ዞረ። «እርስዎ ከፈቀዱ ነው፣ ጋሼ።»

አቶ ከፈለ እስኪበቃቸው አዩት። «ግባ» አሉት።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ስልኮች አንድ በር ይጠብቁ ጀመር። አይናለም ያን ቀን ልቧ ላይ የተሰማት ነገር የደኅንነት ስሜት መሰላት። ግማሹ እውነት ነበር።

ጀዊ ኔትወርክ ብቅ ባለ ቁጥር መልእክቶቹ ተግተልትለው ይገባሉ። «ድመት ናት። ሥራሽን ሥሪ።» «እማማ ሺታዬ ልብስ እያሰጡ ነው።» «ነፋስ ነው፣ ጃንጥላሽን ጣለው፣ ሄጄ አነሣሁት።» በሁለተኛው ወር ላይ አንድ ሐሙስ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ዛሬ ማንም አልመጣም። ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ያቺን መልእክት ደጋግማ አነበበቻት። አጠገቧ የምትሠራዋ ልጅ «ምን አገኘሽ?» ስትላት፣ «ማንም አልመጣም» ብላ መለሰችላት፤ ሁለቱም ሳቁ፤ አንዷ ግን የምትስቅበትን አላወቀችም።

ከዚያ በኋላ ፀሐይ የሚሰበስበውን ፓነል ሊወለውል መምጣት አበዛ። አቧራ እንደዚያ ቶሎ ቶሎ የሚለብስ ፓነል ጋምቤላ ውስጥ አልነበረም። በመጣ ቁጥር፣ አይናለም ኖረችም አልኖረች፣ ካሜራው ፊት ኮፍያውን ያወልቅና «ሰላም ለዚህ ቤት» ይላል። እሷ ከሌለች በሩን ሳይነካ ወልውሎ ይሄዳል። ካለች ደግሞ ወደ ባሮ ዳርቻ ይወርዳሉ፤ ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው እስኪመለሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ያወራሉ።

አንድ ቀን እዚያ ድንጋይ ላይ ስለ እህቱ ስለ አጅዋንግ ነገራት። አጅዋንግ ስትዳር ለቤታቸው ደሙይ መጥቶላቸዋል። ደሙይ ከቅድመ አያት የወረደ ሰማያዊ ጨሌ ነው፤ ዛሬ የሚሠራው የለም፤ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል እንጂ። በአኝዋ ወግ ወንድም የሚያገባው እህቱ ባመጣችው ደሙይ ነው። የአጅዋንግ ደሙይ ሳጥን ውስጥ የኦጆትን ቀን ይጠብቃል።

«አባትሽ ጨሌ እንደማይጠይቁኝ አውቃለሁ» አላት። «ግን ባዶ እጄን ቤታቸው አልገባም። እኛ ቤት የሚከበረውን ነገር ይዤ ነው የምመጣው።»

አይናለም እጁን ያዘች፤ ግን ፈራች። መንደራቸው ውስጥ አንዲት ልጅ አኝዋ አግብታ አባቷ ሦስት ዓመት አላናገራትም። በደገኛውና በአገሬው መካከል ያለፈው ክፉ ዘመን በሰው ልብ ውስጥ ገና ጠባሳ አለው፤ ሃይማኖቱም ይለያያል። ከአባቷ ዝምታ ባሮ ሞልቶ ቢወስዳት ትመርጥ ነበር።

«ለአባዬ መጀመሪያ እኔ ልንገረው» አለች። በአራተኛው ወር እንዲሁ አለች፤ በአምስተኛውም። ኦጆት አልተቆጣም። በሰባተኛው ወር ግን አጎቱን ሽማግሌ እንዲሆንለት ለመነ፤ እትዬ ሺታዬም «እኔ ካልሄድኩ ማን ሊሄድ ነው?» ብለው ራሳቸውን ሽማግሌ አደረጉ። ቀኑ እሑድ ሆነ። አቶ ከፈለ ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ለገበያ ይመጣሉ፤ አይናለም ትነግራቸዋለች።

«ቅዳሜ ትነግሪያቸዋለሽ?» አላት ኦጆት።

«ቅዳሜ እነግረዋለሁ።»

አመናት። ለእሷ ከሁሉ የሚያንገበግባት ዛሬም ይኼው ነው።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ አቶ ከፈለ ግማሽ ኩንታል በቆሎ በትከሻቸው ይዘው ደረጃውን ወጡ። አይናለም በሩ ላይ ተቀበለቻቸው። ከጠዋት ጀምራ ቃል ስትመርጥ ነበር ያረፈደችው፤ ምሳ ካቀረበች በኋላ፣ እጃቸውን ካስታጠበቻቸው በኋላ፣ ቁጭ ካሉ በኋላ ልትናገር። እሳቸው ግን ጆንያውን አውርደው፣ ጫማቸውን እየፈቱ፣ ጎንበስ እንዳሉ ጠየቋት።

«ያ ካሜራ የገጠመልን ልጅ፣ ኦጆት። ለአንቺ ምንሽ ነው?»

ፊታቸው አይታይም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ቃል ሲቆጥቡ የሚወጣው ድምፅ። ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ሸሸ። ያቺ አባቷ ሦስት ዓመት ያላናገራት የመንደራቸው ልጅ ድቅን አለችባት።

«እሱ?» አለች አይናለም፣ ሳቅ ለማስመሰል እየሞከረች። «የካሜራ ሠራተኛ ነዋ! ሊያስተካክል ነው የሚመጣው። ለእኔ ምኔም አይደለም።»

አቶ ከፈለ ሁለተኛውን ጫማ ለመፍታት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። «እሺ» አሉ። ምሳቸውን ጥቂት ቀማምሰው፣ ሊያድሩ የመጡት ሰውዬ በስምንት ሰዓቱ መኪና ወደ አቦቦ ተመለሱ። አይናለም ጆንያውን ወደ ጓዳ እየጎተተች፣ ተረፍኩ ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። ከጭንቅላቷ በላይ፣ ፍርግርጉ ላይ፣ የካሜራው ትንሽ አረንጓዴ መብራት በርታ ነበር። አላየቻትም። ሰባት ወር ስታያት ለምዳት፣ ከለመደቻትም በኋላ ረስታት ነበር።

አመሻሹ ላይ ስልኳ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈላት፤ ከሦስቱ ተጠቃሚዎች አንዱ ወጥቷል የሚል። ኔትወርክ ነው ብላ አለፈችው። ለኦጆት ደወለች፤ አላነሣም። ነገ ራሴ አስረዳዋለሁ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ይጨምርልኛል አለች በልቧ። ዘወትር ይጨምርላት ስለነበር የሚያልቅ ነገር አልመሰላትም።

እሑድ ጠዋት እትዬ ሺታዬ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው በሯ ላይ ቆሙ። እጃቸው ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ።

«ሽማግሌነቴ ቀረ» አሉ። «በጠዋት መጥቶ ይቺን ሰጠኝ። ውጣና ራስህ ስጣት ብለው፣ ደረጃውን አልወጣም፣ ካሜራው ያየኛል አለኝ። ምን አድርገሽው ነው አንቺ ልጅ?»

አይናለም ወረቀቱን ቆማ አነበበችው።

«አይናለም፣

አማርኛዬ ከጎደለ አንቺ ሙዪው።

ትናንት ስልኬ ጠራ። ሰው በርሽ ላይ ቆሟል አለኝ። እንደ ልማዴ ከፈትኩት። አባትሽ መሆናቸውን ሳይ ደስ አለኝ፤ ዛሬ ትነግራቸዋለች ብዬ ኮፍያዬን አወለቅኩ፣ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን። መዝጋት ነበረብኝ። ስሜን ሲጠሩ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ያልሽውን ሰማሁ።

አልተቆጣሁም። አባት መፍራት እኛም ቤት አለ። ግን ሰባት ወር ሙሉ ቀስ እያልሽ ያለሽ መስሎኝ ነበር። ለካ ቆመሻል።

አጎቴን አትሂድ ብዬ አስቀርቻለሁ። ስልኬንም ከካሜራሽ አውጥቻለሁ። ሠራተኛ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሰው በር ላይ መቆየት የለበትም።

ፓነሉን በየሁለት ሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። የበሩ ማጣበቂያ ሙቀት ሲበዛ ይለቃል፤ እይው። ደኅና ሁኚ።

ኦጆት»

እትዬ ሺታዬ ነጠላቸውን አወረዱ። አይናለም አላለቀሰችም። ማልቀስ ለተበደለ ነው፤ እሷ በዳይ ነበረች። ስለ ፓነሉና ስለ ማጣበቂያው የጻፈውን ግን ደግማ ልታነበው ስትሞክር ፊደሉ ተምታታባት።

ያን ጊዜውኑ ሮጣ ብትሄድ ኖሮ! ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። አይናለም ግን አፈረች። ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ እያለች ሰኞ ወደ ጀዊ ሥራዋ ሄደች፤ ማክሰኞም፤ ረቡዕም። በየማታው ከመኪና ስትወርድ ወደ ድልድዩ መንገድ ጥቂት ትራመድና ትመለሳለች። ቅዳሜ ሱቁ ደጃፍ ስትደርስ መዝጊያው ወርዶ፣ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

አጅዋንግን ባሮ ዳር ልብስ ስታጥብ አገኘቻት። አጅዋንግ ቀና ብላ አየቻት፤ ያጠበችውን ጨምቃ ጨርሳ ነው የተናገረችው።

«ፑኝዶ ሄዷል። የነጋዴ መጋዘን ላይ ካሜራ ይገጥማል። መቼ እንደሚመለስ አላለም።»

«አጅዋንግ፣ እህቴ፣ ልነግረው የምፈልገው ነገር አለ።»

«አውቃለሁ። እሱም እንደምትመጪ ያውቅ ነበር። ሰኞ ጠበቀ። ማክሰኞ ጠበቀ።» አንዲት ቀሚስ አራግፋ ድንጋዩ ላይ ዘረጋች። «ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎቻችንን ሰብስቦ፣ ደሙዩን ኤልያስ ይውሰድ አለ። ኤልያስ ታናሻችን ነው፤ እሱም የሚያገባት አለችው። ሐሙስ ዕለት ከሳጥኑ ወጣ።»

«ተራውን ሰጠው?»

«ተራውን ሰጠው።»

«ሌላ ደሙይስ?»

አጅዋንግ ሌላ ልብስ ውሃው ውስጥ ነከረች። «ሌላ እህት የለንም» አለች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ አይናለምን የጎዳትም ይኼው ነው። «ረቡዕ ብትመጪ ሳጥን ውስጥ ነበር፣ እህቴ።»

አይናለም አጠገቧ ተንበርክካ፣ ቀሚሷ እስኪርስ ድረስ፣ የቀረውን ልብስ አብራት አጠበች። 

ቤቷ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። በሩን አልከፈተችም። ካሜራው ፊት ቆመች። ከሦስቱ ስልኮች አንዱ እጇ ላይ ነው፤ ሁለተኛው አቦቦ ነው፤ ሦስተኛው የለም። ይህን እያወቀች፣ መናገር የሚገባት እዚያው የዋሸችበት ቦታ ላይ መሰላት። ሻሿን ከራሷ አወረደች።

«አባዬ፣ ከሰማኸኝ ስማኝ» አለች። «ያን ዕለት ዋሽቼሃለሁ። ኦጆት ሠራተኛ አይደለም። እወደዋለሁ። ሽማግሌ ሊልክልህ እሑድ ቀጥሮ ነበር፤ እኔ ፈርቼ ካድኩት። እሱም ሰማኝ፤ ሄደ። ከእንግዲህ ብታኮርፈኝም፣ ሦስት ዓመት ባታናግረኝም፣ ይኸው ብዬሃለሁ።»

ጎረቤቶቿ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። ግድ አልሰጣትም። ሻሿን እጇ ላይ እንደጠቀለለች ስልኳ ጠራ።

አቶ ከፈለ ናቸው። ከወዲያ በኩል የበቆሎ ማሳ ነፋስ ይሰማል።

«ሰማሁሽ» አሉ።

«አባዬ…»

«ቆይ ልናገር። ይሄን ስልክ ከሰጠሽኝ ወዲህ ሌላ ምን ሥራ አለኝ፤ ሰባት ወር ሙሉ ያን ልጅ ሳየው ነው የከረምኩት። አንቺ ሳትኖሪ በርሽን አንድ ቀን ነክቶ አያውቅም። ዝናብ ሲመጣ ያሰጣሽውን ልብስ ሰብስቦ ደጅሽ ካለው ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ለብረት ኮፍያውን ያወልቃል! ለባዶ ቤት ሰላም ይላል! እኔ በስድሳ ዓመቴ እንዲህ ያለ ሰው በእጄ ጣት የሚቆጠር ነው ያየሁት።»

አይናለም ግድግዳውን ተደገፈች። «ታውቅ ነበር? እንግዲያ ለምን ጠየቅከኝ?»

«ከአንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነዋ! አባት ነኝ፣ ደስ እንዲለኝ ፈልጌ ነው። በቆሎውን የተሸከምኩት ለምን ይመስልሻል፤ ለእንግዳ ይሆናል ብዬ ነው። አንቺ ምኔም አይደለም ስትይኝ፣ ልጄ አልወደደችውም፣ እኔ ሽማግሌው ነኝ ያለ ቦታው ፍቅር ያየሁት ብዬ አፈርኩ። ላንቺም እንዳይከብድሽ ብዬ ሳላድር ተመለስኩ።»

አይናለም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ሊያኮርፉኝ ነው ያለችው ዝምታ ለካ ጥያቄ ሲጠይቁ የሚያፍሩ አባት ዝምታ ነበር። ያን ቅዳሜ እውነቱን ብትናገር ኖሮ ሦስት ሰው ደስ ይለው ነበር፤ አንዱ ሱቅ ውስጥ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።

አቶ ከፈለ እስክትጨርስ ጠበቋት። «የልጁን ቁጥር ወደ ካሜራው መልሶ ማስገባት አይቻልም?» አሉ በመጨረሻ።

ይቻላል። ግብዣ ይላካል፤ የተላከለት ሰው ከተቀበለ ስልኩ ይገናኛል። ግብዣው ሰባት ቀን ይቆያል፤ በሰባተኛው ቀን ይሰረዛል። ፑኝዶ ኔትወርክ አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ወይ ግብዣው አልደረሰውም፤ ወይ ደርሶት አልነካውም። የትኛው እንደሆነ አይናለም ልታውቅ አትችልም። ደብዳቤ ጽፋ በአጅዋንግ እጅ ልካለች፤ መልስ አልመጣም። በየሁለት ሳምንቱ ፓነሉን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። የበሩን ማጣበቂያ ታያለች።

ዛሬ አምስተኛው እሑድ ነው። አምስተኛውን ግብዣ ላከች። አባቷም እንደ ልማዳቸው ከአቦቦ ደወሉ፤ ስለ ዝናቡና ስለ በቆሎው አወሩ፤ እትዬ ሺታዬን ሰላም በይልኝ አሉ። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት፣ በየሳምንቱ እንደሚያደርጉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«ገባ?»

አይናለም ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው። የተገናኙት ስልኮች ሁለት ናቸው ይላል።

«ገና ነው፣ አባዬ» አለች።